የፊልም ጠመንጃ በምን ይለያል?

የአርበኞችን ዘመን የሚተርክ ፊልም እያየን ነው እንበል። ዓመቱ 1930 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው የጅባት ጫካ። ጎፈሬው የተንጨባረረ ወጣት ከቁጥቋጦ ውስጥ ብድግ ይልና በመንገድ ላይ የሚያልፈውን የጣሊያን ጦር ይተኩስበታል። በእጁ ያለው ግን ካርታው ወደ ፊት የቆለመመ ክላሽ ነው። ጉደር ላይ ቁጭ ብሎ የሚያይ አዛውንት እዚህ ላይ ሲደርስ ፊልሙን በልቡ ዘግቶታል። ክላሽንኮቭ የተነደፈው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው፤ ጣሊያን ከኢትዮጵያ ከተባረረ ስድስት ዓመት አልፎ ማለት ነው። በእኛ ሠራዊት እጅ በብዛት የገባውም ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ፣ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ወዳጅነት ከተመሠረተ በኋላ ነው። ተዋናዩ የቱንም ያህል ቢያለቅስ፣ አልባሳቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አንድ ብረት ሁሉንም ውሸት ያደርገዋል።

በፊልም ላይ የታየ ጠመንጃ የቱ እንደሆነ መለየት ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። በሌላው ዓለም ዕድሜያቸውን በዚህ ያሳለፉ ሰዎች አሉ። ፊልሙን ያቆማሉ፣ ምስሉን ያቀርባሉ፣ ከአፈሙዙ እስከ ሰደፉ ይመረምራሉ፤ ስሙን፣ የተሠራበትን አገርና ዘመን፣ እውነተኛ ይሁን ማስመሰያ ለይተው ይናገራሉ። በእኛ አገር ይህን ዕውቀት በብዛት የያዙት ፊልም ሠሪዎች አይደሉም። አባቶች ናቸው። የካቲት 23 በአድዋ ድል ቀን፣ ሚያዝያ 27 በአርበኞች ቀን፣ አሮጌ ጠመንጃ አንግበው የሚወጡትን አባቶች ጠጋ ብሎ ለጠየቀ፣ የያዙት ብረት ምን ተብሎ እንደሚጠራ፣ ስንት እንደሚጎርስ፣ ከማን እንደተማረከ ይነግሩታል። ይህን ዕውቀት ከካሜራው ጋር ማገናኘት የኔ ብርቱ ፍላጎት ነው፤ ጽሑፉም የተጻፈው ለዚህ ነው።

ጅባትና ጉደር ለሚገኙበት ለምዕራብ ሸዋ ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም። «የበጋው መብረቅ» የተባሉት ሌተና ጄኔራል ጃገማ ኬሎ የተወለዱት በ1913 ዓ.ም. ጊንጪ አጠገብ፣ ደንዲ ውስጥ ነው። ጠላት ሲገባ የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ። አምስቱን ዓመት በጅባትና ሜጫ ተዋግተው፣ በ2009 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ያንን ዘመን ሲመሰክሩ ኖረዋል። ከአዲስ አበባ በሆለታ፣ በጊንጪና በአምቦ አልፎ ጉደርን የሚያቋርጠው የነቀምቴ መንገድም የዚያ ጦርነት መንገድ ነው። በ1928 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ ተሰባስበው የጥቁር አንበሳን ማኅበር የመሠረቱት ወጣቶች አያሌዎቹ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ነበሩ። እንዲህ ያለ ታሪክ አንድ ቀን በትልቅ ፊልም መታየቱ አይቀርም። ያኔ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ይዘው ነበር?» የሚል ይሆናል።

ከዚያ በፊት ግን የፊልም ጠመንጃ የሚባለው ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። ከሩቅ ለሚታይ ወታደር፣ ከፈረስ ለሚወድቅ ተዋናይ፣ ለግርግር ትዕይንት የሚሰጠው ብዙ ጊዜ በቅርጽ የተጣለ የላስቲክ ጠመንጃ ነው፤ ሲወድቅ አይሰበርም፣ ሲመታም አይጎዳም። ከዚያ ከፍ ሲል መተኮስ የማይችል የብረትና የእንጨት ማስመሰያ አለ። በአየር ግፊት የፕላስቲክ ፍሬ የሚተፋ የጨዋታ ጠመንጃም ዛሬ ለፊልም ይሠራበታል፤ እሳቱና ጭሱ በኋላ በኮምፒውተር ይጨመርለታል። ካሜራው ፊት ለፊት ለሚመጣበት ተዋናይ ግን ብዙ ጊዜ እውነተኛው ጠመንጃ፣ እርሳስ የሌለው ጥይት ጎርሶ፣ ይሰጠዋል።

እርሳስ የሌለው ጥይት ባሩድ አለው፤ ከአፉ የሚወጣ ፍሬ ግን የለውም። የቀለሁ ጫፍ ተጨብጦ ተዘግቷል። ሲተኮስ ድምፅና እሳት ይሰጣል። እዚህ ላይ አንድ ችግር ይመጣል። እንደ መትረየስና እንደ ክላሽ ያለው በራሱ የሚጎርስ መሣሪያ የሚሠራው እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ሲገፋ በሚፈጠረው የጋዝ ግፊት ነው። እርሳስ ከሌለ ጋዙ በአፈሙዙ ሾልኮ ይጠፋል፤ መሣሪያው አንድ ጊዜ ተኩሶ ይቆማል። ስለዚህ ባለሙያዎች አፈሙዙ ውስጥ ቀዳዳው የጠበበ ውታፍ ይከቱበታል። ወታደር ለልምምድ ሲጠቀምበት ይህ ውታፍ ከውጭ ጎልቶ ይታያል፤ ለፊልም ሲሆን ወደ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል። ምስሉን አቁሞ አፈሙዙን ፊት ለፊት ያየ ሰው ቀዳዳው ከሚገባው በላይ ጠቦ ካገኘው፣ ያ ጠመንጃ ለፊልም የተሰናዳ መሆኑን ያውቃል።

የአርበኞቻችን ዘመን ጠመንጃ አብዛኛው በእጅ እየተቀባበለ የሚተኮስ ስለሆነ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። መቀርቀሪያውን ተኳሹ ራሱ ይስባል፣ ራሱ ይገፋል። ከመሣሪያ ዝግጅት አንጻር የጅባትና ሜጫን ጦርነት መቅረጽ የዛሬን ጦርነት ከመቅረጽ ይቀላል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

እርሳስ የለውም ማለት ግን አይገድልም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካዊው ተዋናይ ጆን ኤሪክ ሄክሰም በቀረጻ መካከል እርሳስ የሌለው ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ጆሮ ግንዱ ላይ አስጠግቶ ተኮሰ፤ ግፊቱ ብቻ ገደለው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 1993 የብሩስ ሊ ልጅ ብራንደን ሊ «ዘ ክሮው» የተባለውን ፊልም ሲሠራ የሞተበት መንገድ ደግሞ የመለየትን ጥቅም ከሁሉ በላይ ያስተምራል። ለቅርብ ምስል ሲባል ባሩዱ የወጣለት፣ እርሳሱና መለኮሻው ግን ያልወጡለት ጥይት ሽጉጡ ውስጥ ተከትቶ ነበር። መለኮሻው ፈንድቶ እርሳሱን በርሜሉ መካከል አስቀርቶታል። ማንም ሳያይ ቀረ። በሌላ ቀን ያው ሽጉጥ እርሳስ የሌለው ጥይት ጎርሶ ሲተኮስ፣ ተሰንቅሮ የነበረው እርሳስ ወጥቶ ወጣቱን ገደለው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 2021 በኒው ሜክሲኮ «ረስት» የተባለው ፊልም ሲቀረጽ ካሜራ ባለሙያዋ ሃሊና ሃቺንስ የሞተችው፣ አደጋ የለበትም የተባለ የድሮ ኮልት አምሳያ ሽጉጥ ውስጥ እውነተኛ ጥይት ተገኝቶ ነው። ስለዚህ ጠመንጃን መለየት የተመልካች መዝናኛ ብቻ አይደለም። ቀረጻ ቦታ ላይ አንድ ኃላፊ ተመድቦ እያንዳንዱን ጥይት በጣቱ ካልዳሰሰ፣ እያንዳንዱን በርሜል በብርሃን ካላየ፣ ካሜራው ባይነሳ ይሻላል። ይህን ለአገራችን ፊልም ሠሪዎች በአጽንኦት እናገራለሁ፤ የእንጨት ጠመንጃ ይዞ መሥራት አያሳፍርም።

ወደ መለየቱ ስንመጣ፣ ዓይን መጀመሪያ የሚይዘው አጠቃላይ ቅርጹን ነው። እረኛ የጎረቤትን ከብት ከማዶ በአካሄዱ እንደሚለየው ሁሉ፣ የለመደ ሰው ጠመንጃን ገና ከሩቅ ያውቀዋል። ቀጥሎ ጥይቱ የት እንደሚቀመጥ ይታያል፤ ከምላጩ ፊት ወጣ ብሎ ነው፣ ከእንጨቱ ጋር ተስተካክሎ ነው፣ ወይስ ከበርሜሉ ሥር በቱቦ ውስጥ? ከዚያ መቀርቀሪያው፣ ማነጣጠሪያው፣ የአፈሙዙ ጫፍ፣ የሰደፉ አቆራረጥ ይከተላል። ፊልም ሠሪ የሚያታልለው ብዙ ጊዜ በአጠቃላይ ቅርጹ ነው፤ የሚጋለጠው ደግሞ በጥቃቅኑ።

ሆሊውድ በዚህ የታወቀ ነው። አሜሪካኖች በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የሶቪየት ወታደር ሲሠሩ እውነተኛ የሶቪየት ክላሽ ማግኘት ይቸግራቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው «ሬድ ዶውን» እና በ1988 በወጣው «ራምቦ 3» ላይ የሩሲያ ወታደሮች ይዘውት የሚታየው ክላሽ ግብፅ ውስጥ የተሠራ ማዓዲ የሚባል ነው። በዚያው በ1988 በወጣው «ዳይ ሃርድ» ላይ ወንበዴዎቹ የያዙት የጀርመን አጭር ጠመንጃ ኤም ፒ 5 ይመስላል፤ ነገር ግን ለሲቪል ገበያ የተሠራ ረጅም በርሜል ያለው ወንድሙ ተቆርጦ የተሰናዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው «ስታር ዎርስ» ደግሞ ስለ ሩቅ ጋላክሲ እያወራ በአሮጌ ብረት ነው የሠራው። ነጭ ጥሩር የለበሱት ወታደሮች የያዙት የእንግሊዝ ስተርሊንግ ነው፤ የሃን ሶሎ ሽጉጥ ከላይ መነጽር ተገጥሞለት የተቀየረ ማውዘር ነው። የእኛ አባቶች በእንጨት አፎት ከትተው በወገባቸው ያንጠለጥሉት የነበረው ያው ማውዘር!

ስለ ማውዘር ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሽጉጥ በመልኩ ግርማ ስላለው ፊልም ሠሪ ሁሉ ለታሪካዊ ገጸ ባሕርይ ሊሰጠው ይከጅላል። ካርታው ከምላጩ ፊት ነው፣ እጀታው ክብ ነው፣ የእንጨት አፎቱ ከኋላ ሲገጠምለት ሰደፍ ይሆናል፤ ከሩቅ ይታወቃል። ገበያ ላይ መዋል የጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ1896 መጨረሻ ገደማ ነው። አድዋ የተዋጋነው በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር መግቢያ፣ በእኛ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በአድዋ ፊልም ላይ አንድ ደጃዝማች ማውዘር መዞ ቢታይ ስሕተት ነው። በማይጨው ፊልም ላይ ቢታይ ግን ተገቢ ነው። የወራት ልዩነት እንኳን ይህን ያህል ይናገራል።

አሁን ወደ ራሳችን ብረቶች እንግባ፤ ሀብታችን ያለው እዚህ ነው። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላ ሲወጡ የያዙት ሰናድር ነበር። ይህ ጠመንጃ በውጊያ የተፈተነው ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያው እኛ አገር፣ ከመቅደላ ሥር በአሮጌ ሜዳ ላይ ነው። መለያው ከበርሜሉ ኋላ ያለው ክዳን ነው፤ እንደ መስኮት ወደ ቀኝ ጎን ይከፈታል፣ አንድ ጥይት ይገባል፣ ይዘጋል። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ የተሸነፈው የግብፅ ጦር ሬሚንግተን ይዞ ነበር፤ በሺዎች የሚቆጠረው በዐፄ ዮሐንስ ጦር እጅ ገባ። ሬሚንግተንን የሚለየው መቀርቀሪያ የሌለው መሆኑ ነው። ከኋላው ሁለት ወፋፍራም የብረት ቁራጮች አሉት። ተኳሹ በአውራ ጣቱ ሁለቱንም ተራ በተራ ወደ ኋላ ይገለብጣል፣ ጥይቱን ያጎርሳል፣ መልሶ ይዘጋል። ተዋናዩ ሬሚንግተን ይዞ መቀርቀሪያ እንዳለው ጠመንጃ እጁን ወደ ኋላ ሲስብ ከታየ፣ ማንም አላሳየውም ማለት ነው።

አድዋ ላይ በእኛ በኩል የነበረው ድብልቅ ነው፤ ሬሚንግተን፣ ከፈረንሳይ የመጣው ውጅግራ፣ ከጣሊያን የተገኘው ቬተርሊ፣ ሌላም ሌላም። በ1879 ዓ.ም. ገጣሚው አርቱር ራምቦ ከታጁራ ተነስቶ ለምኒልክ ጠመንጃ ጭኖ ሸዋ መምጣቱ የታወቀ ነው፤ የጫነው በዚያን ጊዜም ያረጀ ብረት ነበር። ውጅግራ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ ረጅም፣ አንድ ጎራሽ ጠመንጃ ነው። መቀርቀሪያ አለው፣ የጥይት ማጠራቀሚያ ግን የለውም፤ ስለዚህ ከምላጩ ፊት ሆዱ ልሙጥ ነው። እየተኮሱ፣ እየከፈቱ፣ ከዝናር እያወጡ አንድ አንድ ማጉረስ ነው። ለፊልም አዘጋጅ ይህ ታላቅ ስጦታ ነው። አንድ ተኩሶ እጁ ወደ ዝናሩ የሚሮጥ ሰው ያለበት ጭንቀት፣ ሠላሳ ጥይት በአንድ ትንፋሽ ከሚያርከፈክፍ ሰው እጅግ ይበልጣል።

በጣሊያን በኩል አድዋ ላይ የዘመተው ጦር አብዛኛው የያዘው ቬተርሊ ነው። ካርካኖ የሚባለው አዲሱ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1891 ወጥቶ ነበር፤ ሆኖም በዚያ ዘመቻ ዋናው መሣሪያ አልሆነም። የቬተርሊው አራት ጥይት በአንድ ማቀፊያ ይገባል፤ ማቀፊያው ከላይ የእንጨት ቁራጭና መሳቢያ ክር አለው። ያቺን ክር በአንድ የአድዋ ፊልም ቅርብ ምስል ላይ ባይ ደስታዬ ወሰን አይኖረውም።

ጭሱንም መርሳት የለብንም። ውጅግራም ሬሚንግተንም የሚተኩሱት በጥቁር ባሩድ ነበር፤ ጥቁር ባሩድ ደግሞ ድፍርስ ነጭ ደመና ያወጣል። ጭስ የማይበዛው ባሩድ በጦር ጠመንጃ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1886 በፈረንሳዩ ለበል ነው፤ ከበርሜሉ ሥር በተዘረጋ ቱቦ ውስጥ ስምንት ጥይት የሚይዘው። ስለዚህ የአድዋ ተራሮች በትክክል ከተቀረጹ፣ ከጥቂት ጊዜ ተኩስ በኋላ ሰው ሰውን ማየት ሊያቅተው ይገባል። በኋላ በኮምፒውተር የሚጨመረው እሳት ደማቅና ጥርት ያለ ነው፤ ለ1888 ዓ.ም. የማይሆነውም ለዚህ ነው።

ወደ አምስቱ ዓመት እንምጣ። የጅባትና ሜጫን ጦርነት ለሚሠራ ሰው ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት ካርካኖን ነው፤ በጣሊያኑ ወታደር ትከሻ ላይ ያለው እሱ ነው፣ ተማርኮ በአርበኛው እጅ የሚገባውም እሱ ነው። ብዙዎች ምንሽር ከሚሉት ወገን ነው። በቅርብ ያየው ሰው አይስተውም። ከምላጩ ፊት፣ ከእንጨቱ ሥር ወጣ ያለ የብረት ሆድ አለው። ስድስት ጥይት በአንድ የብረት ማቀፊያ ታቅፎ ከላይ ወደ ሆዱ ይገፋል፤ ማቀፊያው ራሱም አብሮ ይገባል። ተኳሹ እያቀባበለ ይተኩሳል። የመጨረሻው ጥይት ወደ በርሜሉ ሲገባ፣ ባዶው ማቀፊያ ከሆዱ ሥር ባለች ቀዳዳ ሾልኮ መሬት ይወድቃል። ጥቂት ሰው የሚያስተውላት ነገር ናት፤ ግን ጠላት ስድስት መተኮሱን የቆጠረ አርበኛ ከተደበቀበት የሚወጣበትን ቅጽበት በዚህች ማቀፊያ መውደቅ ማሳየት ይቻላል።

ካርካኖ ሁለት ዋና መልክ አለው። ረጅሙ ከ128 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው፤ የመቀርቀሪያው እጀታ ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ይወጣል። የፈረሰኛው አጭሩ 92 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን እጀታው ወደ ታች ጎበጥ ያለ ነው፤ ከአፈሙዙ ሥር የሚታጠፍ ሳንጃ አለው። ጫካ ለጫካ ለሚሮጥ ሰው አጭሩ ይመቸዋል፤ ወጣቱ ጃገማን ለሚጫወት ተዋናይ እኔ ብመርጥ የምሰጠው እሱን ነው።

በርሜሉ ላይ ደግሞ ጽሑፍ አለ። ቴርኒ፣ ብሬሺያ፣ ጋርዶኔ የሚሉ የፋብሪካ ከተሞች ስም፣ የተሠራበት ዓመት፣ ከፋሺስቶች መምጣት በኋላ በተሠሩት ላይም በሮማውያን ቁጥር የተቀረጸ የፋሺስት ዘመን አቆጣጠር ይገኛል። አቆጣጠሩ የሚነሳው እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1922 ነው። 15 የሚል ቁጥር ያለበት በርሜል የተሠራው ከጥቅምት 1929 እስከ ጥቅምት 1930 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በተደረገው የማይጨው ጦርነት ላይ ሊገኝ አይችልም፤ በ1930 የጅባት ጫካ ውስጥ ግን ይችላል። ካሜራው እስከዚህ ድረስ ላይቀርብ ይችላል። የቀረበ ዕለት ግን በአንድ በርሜል ላይ ያለች ቁጥር ፊልሙን ታከብረዋለች ወይም ታዋርደዋለች።

በእኛ በኩል ከጦርነቱ በፊት ከቤልጂየም የተገዛው ሞዝር፣ ሕዝቡ በልጅግ የሚለው፣ አለ። ይህ አምስት ጎራሽ ነው። ጥይቱ በእንጨቱ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚቀመጥ እንደ ካርካኖ ሆድ የለውም። ሁለቱን ጎን ለጎን በምስል ብታዩዋቸው ሌላ ምልክት አያስፈልግም፤ ሆድ ያለው ካርካኖ፣ ሆዱ ልሙጥ የሆነው ሞዝር። ልሙጥ ሆኖ ረጅምና አንድ ጎራሽ ከሆነ ደግሞ ውጅግራ ሊሆን ይችላልና መቀርቀሪያው ሲከፈት ውስጡን ማየት ነው። በ1933 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በጎጃም የገባው የእንግሊዝ ጦር የያዘው ሊ ኤንፊልድ አሥር ጎራሽ ነው፤ እንጨቱ እስከ አፈሙዙ ጫፍ ስለሚሄድ ፊቱ ድፍን ነው። የቃኘው ሻለቃን የኮሪያ ዘመቻ ለሚቀርጽ ሰው የሚሆነው የአሜሪካኑ ጋራንድ ነው፤ ስምንት ጥይቱ ሲያልቅ ማቀፊያው በጥርት ያለ የብረት ድምፅ ወደ ላይ ይፈናጠራል።

ከጣሊያን መትረየሶች ውስጥ ብሬዳ 37 የሚባለው በምስል ቶሎ ይያዛል። ሃያ ጥይት የተደረደረበት ጠፍጣፋ ገበታ በአንድ ጎን ይገባና በሌላው ጎን ይወጣል፤ የተተኮሱት ቀለሆች መሬት አይወድቁም፣ ተመልሰው ገበታው ላይ ይቀመጣሉ። ብሬዳ 37 እየተኮሰ ቀለህ በዙሪያው ሲረግፍ የታየበት ፊልም ካለ፣ ያ ድምፅና ምስል ከሌላ መሣሪያ የተወሰደ ነው።

መድረክ ከካሜራ ይለያል። አምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለደው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ብሎ በጻፈው ተውኔት፣ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጣሊያኖች ጥይት የወደቁባትን ሰዓት ወደ መድረክ አምጥቷል። በቴአትር ቤት አሥረኛው ረድፍ ላይ ለተቀመጠ ሰው በትክክለኛው ርዝመት የተጠረበ እንጨት ይበቃዋል፤ የካርካኖው ሆድ ቅርጽ ከወጣለት ደግሞ ከበቂ በላይ ነው። ካሜራ ግን የመቀርቀሪያውን ዝገት ሳይቀር ያሳያል።

በአገራችን ፊልም ጠመንጃ ጌጥ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ታሪኩን የሚሸከምበትም አለ። ሚሼል ፓፓታኪስ በ1966 ዓ.ም. ያቀረበው «ጉማ» የተነሳው በነፍስ ግድያና በደም ካሣ ዕርቅ ላይ ነው፤ ሥርዓቱን የምዕራብ ሸዋ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ደግሞ የተጠለፈች ልጅ በጠላፊዋ ጠመንጃ ራሷን ስትከላከል ይጀምርና ሙሉው የፍርድ ቤት ክርክር ከዚያች ተኩስ ይወለዳል። እንዲህ ባለ ሥራ ጠመንጃው ማን እጅ እንዴት እንደገባ፣ የከበደ ይሁን የቀለለ፣ የተቀባበለ ይሁን ያልተቀባበለ፣ ሁሉም የፍርዱ አካል ነው።

አንድ ነገር ያንገበግበኛል። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ ያረጁ ጠመንጃዎች በብዛት ወደ አሜሪካ ተሸጠዋል። ካርካኖው፣ ቬተርሊው፣ ውጅግራው፣ ሬሚንግተኑ፣ የቤልጂየሙ ሞዝር ዛሬ በዚያ አገር ሰብሳቢዎች ቤት ተሰቅሏል፤ ሰብሳቢው ሰደፉ ላይ ያለውን ጭረት እያየ ማን ይዞት እንደነበር ይገምታል። የእኛ ፊልም ሠሪ ግን ለአርበኛው የሚያስይዘው አጥቶ ክላሽ ይዋሳል። ከዚያ ሁሉ ብረት ጥቂቱ አፈሙዙ ተደፍኖ፣ መተኮስ እንዳይችል ሆኖ፣ ለፊልምና ለቴአትር ቤቶች በውሰት የሚሰጥበት አንድ ክፍል ቢቋቋም ኖሮ ምንኛ በተጠቀምን! የቀረው አሁንም አለ፤ ክፍሉን ማቋቋምም አሁንም ይቻላል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቷልና ሥራው ከሚመለከተው አካል ፈቃድ ጋር እንጂ በጓሮ የሚሠራ አይደለም።

እስከዚያው የሚቻለው መመዝገብ ነው። ጉደርና አምቦ፣ ጊንጪና ጀልዱ፣ በየቤቱ ፈቃድ ያለው የአባት ጠመንጃ አለ። ባለቤቱ ከፈቀደ ፎቶ ይነሳ፤ ከቀኝ፣ ከግራ፣ ከላይ፣ መቀርቀሪያው ተዘግቶ፣ ከዚያም ተከፍቶ። ከሁሉ በፊት ግን ባዶ መሆኑ ይታይ፤ የጥይት ማጠራቀሚያውም በርሜሉም። ርዝመቱ በሜትር ይለካ። በርሜሉና መቀርቀሪያው ቤት ላይ ያለው ጽሑፍ፣ ባይነበብም፣ እንዳለ ይገልበጥ። የሽማግሌው አጠራር በኦሮምኛም በአማርኛም ይጻፍ፤ አባቱ ከየት እንዳገኘው፣ ከማን እንደማረከው፣ በጀግንነት ዘፈኑ በጌራርሳው ምን ብሎ እንደሚያወድሰው ይቀዳ። ሽማግሌው እንዴት እንደሚያነግተው፣ እንዴት እንደሚያቀባብለው፣ ተንበርክኮ ሲያነጣጥር ሰደፉን ትከሻው ላይ የት እንደሚያሳርፈው በቪዲዮ ይቀረጽ፤ ተዋናይ ይህን ከመጽሐፍ ሊያገኘው አይችልም። አሮጌ ቀለህ ከተገኘ ደግሞ ግርጌው ይታይ፤ ፋብሪካውና ዓመቱ ብዙ ጊዜ እዚያ ተመትቷል። አፉ ክፍት ከሆነ እርሳስ የወጣበት ነው፤ አፉ ተጨብጦ የተዘጋበት ምልክት ካለው ግን ለሰላምታ ወይም ለልምምድ የተተኮሰ ነውና ለብቻው ይቀመጥ።